የጋሽ ቦጋለ ጉድጓድ «ብረት አለው» የተባለ ዕለት

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። የፀሎት ቤታችን ወጣቶች እሁድ ፕሮግራም ሲያልቅ ይከቡኝና «እማማ ታደለች፣ ያንን የጉድጓዱን ነገር ንገሪን» ይሉኛል። ብነግራቸው ብነግራቸው አይጠግቡም። በመጨረሻ አንዷ «ለምን አትጽፊውም?» አለችኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ወልጄ ከብጄ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ነው። እጄ ይዘገያል። ቢዘገይም ይጽፋል፤ እነሆ።

ያኔ ማን ነበርኩ? እግሯ የማያርፍ አሮጊት። ከከምባታ በልጅነቴ ባል ተከትዬ አዲስ አበባ ገባሁ። ባሌ ሞተ፣ ልጄ ዓረብ አገር ሄደች፣ እኔ የልጄን ልጅ ቤዛን አሳደግኩ። ቤታችን ላፍቶ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነበር። ቤት መዋል ግን አይሆንልኝም። ለቡ መብራት ኃይል የታመመ አለ ከተባለ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራስ አለች ከተባለ፣ ነፋስ ስልክ ሐዘን አለ ከተባለ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ በእግሬ ነኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሲያዩኝ እንደ ታክሲ ረዳት «ጀሞ፣ ጀሞ፣ ጀሞ፣ አንድ ሰው የቀረ» እያሉ ይጠሩብኛል። «ሞልቷል» እላቸውና አልፋለሁ።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ ፈረቃውን ይረሳል። እኛን ያኖረን የጋሽ ቦጋለ ጉድጓድ ነበር። ጋሽ ቦጋለ ወንዙ ዳር፣ ከወንዙ እያጠጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር የሚያለማ ጎረቤታችን ነው። ጉድጓዱን በገዛ እጁ ነው የቆፈረው። አፉን በሲሚንቶ ቀለበት አስከብቦ የላሜራ ክዳን አሠርቶለታል። ለማንም ሰው «አይቻልም» ብሎ አያውቅም። «ውሃ የእግዜር ነው፣ እኔ ክዳኑን ነው ያሠራሁት» ይላል።

ወንዙን ማንም አይጠጣም። ከላይ በኩል ቆዳ የሚያለፋው አለ፣ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጠው አለ፣ የጋራዥ ዘይት የሚደፋው አለ። አንድ ቀን ውሃው ቀይ ሥር የተቀቀለበት ይመስላል፣ አንድ ቀን እንደ ልብስ ቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ሽታውን አታንሱት። የጉድጓዱ ውሃ ግን ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሽታ የሌለው። ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳ ያለ አይመስልም። ጉድጓዱ ከወንዙ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ መሆኑን ሁላችንም እናያለን፤ ማናችንም አላሰብነውም። መሬት ታጣራለች ብለን ነው።

በዚያ ጊዜ ቤዛ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ወርዶ እኔው ዘንድ ነበረች። ጤና ጣቢያ ሄደን «ደምሽ አንሷል፣ ብረት ያስፈልግሻል፣ ጎመንም ብዪ» አሏት፤ ኪኒንም ሰጧት። ይህን ለማን ነገርኩ? ለመንደሩ ሁሉ። ጋሽ ቦጋለም ሰማ። ከዚያ ወዲያ «ብረት» የሚለው ቃል በሰፈራችን የመድኃኒት ስም ሆነ። ጎመን ሻጯ ሳትቀር «ብረት ያለው ጎመን» እያለች ትጣራ ጀመር።

ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ትዕግሥት የምትባል ልጅ መጥታ ነበር። ለትምህርቷ ጥናት የምትሠራ፣ ጫማዋ ጭቃ የማይፈራ ልጅ። ከወንዙም፣ ከጎመኑም፣ ከጉድጓዱም በትንንሽ ጠርሙስና በላስቲክ እየቀዳች እየቆነጠረች ወሰደች። ጋሽ ቦጋለ «ውጤቱ ሲመጣ አትርሺን» አላት። አልረሳችንም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከለቡ አንዲት የታመመች እህት ጠይቄ ስመለስ፣ ድልድዩ ጋ ትዕግሥትን አገኘኋት። ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆማ ትልቅ የጎመን እስር ታቅፋለች። ታክሲው ሲመጣ አትገባም፤ ሌላው ሲመጣም አትገባም። ጎመኑን ታየዋለች፣ ቆሻሻ ገንዳውን ታየዋለች፣ መልሳ ጎመኑን ታየዋለች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረብኝ» አልኳት።

«እማማ፣ ከዚያ ሰፈር ነዎት አይደል? ግራ ገብቶኛል። ክፉ ዜና ይዤላቸው ሄጄ መረቁኝ።»

«ማን?»

«ጋሽ ቦጋለ። ግንባሬን ሳሙኝ። ይህንንም ጎመን አሸከሙኝ። አልበላው፣ አልጥለው።»

«ምን ብትያቸው ነው?»

«ውሃው ውስጥ ብረት ተገኝቷል፣ ከባድ ብረት፣ አልኳቸው። ‹ተመስገን፣ ከባዱን ሰጠን› ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ላስረዳቸው ስል ሰው ሊጠሩ ሮጡ።»

እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ደስ ሊለው ነበር። ቤዛ ትዝ አለችኝ። ግን የልጅቷ ፊት አልፈቀደልኝም።

«ልጄ» አልኳት፣ «ብረት አለው ነው ወይስ ብረት አለበት?»

«ምን ልዩነት አለው፣ እማማ?» አለችኝ።

«በእኛ ፀሎት ቤት» አልኳት፣ «ስለ አንዱ ሰው ‹ጸጋ አለው› ይባላል። ስለ ሌላው ‹መንፈስ አለበት› ይባላል። የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጉድጓዳችን የትኛው ነው?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አለበት፣ እማማ። አለበት ማለት ነበረብኝ።»

እዚያው ቆመን አስረዳችኝ። ለደም የሚሆነው ብረት አንድ ነው፤ እነዚህ ሌሎች ናቸው፤ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም የሚባሉ። ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ቶሎ አይወጡም። አጥንት ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ኩላሊት ያደክማሉ፣ የልጅ አእምሮ ያዘገያሉ። እናት ብትጠጣ ለፅንሱ ያልፋል።

«እኔ እኮ ነፍሰ ጡር የልጅ ልጅ አለችኝ፤ አፍልቼ ነው የምሰጣት» አልኳት።

«ማፍላት ጀርም ይገድላል። ብረት አይሞትም፣ እማማ። ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ታች ይቀራል።»

«አሁን ብትጠጣ ትሞትብኛለች?»

«ዛሬ ጠጥተው ነገ የሚሞቱበት አይደለም። ቀስ እያለ ነው የሚበላው። ግን ለነፍሰ ጡር ዛሬውኑ ይቁም።»

ጎመኑን ከእጇ ወስጄ ገንዳው ውስጥ ጣልኩት። እጇን ያዝኩና ቁልቁል ወረድን። ጉልበቴ ይንጫጫል። ጎረምሶቹ ከሱቁ በረንዳ «ጀሞ፣ ጀሞ» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለስኩላቸውም። አንዱ «እማማ ዛሬ ኤክስፕረስ ሆናለች» አለ። ተሳሳቁ።

ስንደርስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጉድጓዱ ዙሪያ እንደዚያ ቀን ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። ወሬው ከላይ ሰፈር ድረስ ወጥቶ፣ ቧንቧ ያላቸው ሳይቀሩ ቢጫ ጄሪካናቸውን ይዘው ወርደዋል። ሰልፉ የጎመኑን መደብ ዞሮ አጥሩ ጋ ደርሷል። ጋሽ ቦጋለ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ባልዲውን ይዞ፣ እንደ ሠርግ አሳላፊ ሰልፉን ያስተናግዳል።

«እርጉዞች ቅድሚያ» ይላል። «እርጉዝና የሚያጠቡ እናቶች ወደፊት ኑ። አትጋፉ፣ ብረቱ ለሁሉም ይደርሳል።»

ከሁሉም ፊት ቤዛ ቆማለች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ጣሳ ይዛ። ጋሽ ቦጋለ «ይህቺ የኔው ናት፣ እዚሁ ትጠጣ» ብሎ ሊቀዳላት ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ሊሰድ ነው።

መጮህ አልችልበትም፣ ድምፄ ትንሽ ነው። በሰው መሃል ተሹለክልኬ ደረስኩና ክዳኑን ጎትቼ ጉድጓዱ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ሳቅ።

«እማማ ጀሞ፣ ታክሲው ደክሞት ነው?» አለ አንዱ።

«ወርቅ ቀብራ ይሆናል» አለች ሌላዋ።

ጋሽ ቦጋለ ባልዲውን እንደያዘ ጎንበስ አለብኝ። «እትዬ ታደለች፣ አመመሽ እንዴ? ተነሺ፣ ሰው ይጠብቃል።»

«አልነሳም።»

«ልጅሽ እኮ ናት ፊት ያለችው።»

«ለዚህ ነው የማልነሳው። ውሃው መርዝ አለበት፣ ጋሽ ቦጋለ።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከድንጋጤ ይልቅ ስድብ የሰማ ሰው ፊት ነበር። «በአንቺ አፍ?» አለ ቀስ ብሎ። «ቤትሽ ሲደርቅ ያጠጣሽ ውሃ። ዛሬ መርዝ የሚል ስም አወጣሽለት?»

«ስሙን እኔ አላወጣሁም። ልጅቷን ጠይቃት።»

ሰው ሁሉ ወደ ትዕግሥት ዞረ። ልጅቷን ላብ አጥምቋታል። «እርሳስ ተገኝቷል» አለች። «ውሃው ውስጥ እርሳስ አለበት።»

ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት «እርሳስ?» አለች። «የሚጻፍበት? ታዲያ ልጆቻችን ጎበዝ ይሆናሉዋ።» እንደገና ሳቅ ሆነ።

ትዕግሥት አልሳቀችም። «የሚጻፍበት ሌላ ነው፣ እህቴ» አለቻት። «ይህኛውን የጠጣ ልጅ ትምህርት ይከብደዋል። ትላንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል። እናቱ ሰነፍ ነው ብላ ትገርፈዋለች።»

ሴትየዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ጋሽ ቦጋለ ግን አልቆመም። «እኔ ስጠጣው ኖሬ ምን ሆንኩ?» አለ ደረቱን እየመታ። «ይኸው በሕይወት አለሁ።»

«ጋሼ» አለች ትዕግሥት፣ በትህትና፣ «ሆድዎን ይቆርጥዎታል?»

ጋሽ ቦጋለን ሆዱን ሲቆርጠው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ብርድ ነው እያለ ነጭ ሽንኩርት በጤና አዳም ይበላል፣ ሆዱን በጋቢ ጥፍር አድርጎ ያስራል። እጁም ባልዲ ሲጎትት ይንቀጠቀጣል፤ እርጅና ነው እንል ነበር።

«ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልምልም» አለች ልጅቷ። «ሐኪም ይየው። ግን ውሃው ውስጥ ያለውን አውቃለሁ።»

ከኋላ የቆሙት ይህን ሁሉ በደንብ አልሰሙም። አንድ ጠንካራ ወጣት «አሮጊቷን ከነክዳኗ አንሱልን፣ ፀሐይ ወጣ» አለ። ሁለት ሰዎች ወደ እኔ ተጠጉ። ፈራሁ። አጥንቴ ቀጭን ነው። ግን ተነሥቼ ቢቀዱስ? ቤዛ ጣሳዋን እንደያዘች ታየኛለች። የልጅ ልጄ ዓይን ውስጥ «የቱን ልመን?» የሚል ነገር አለ።

«ኑ አንሡኝ» አልኳቸው። «ስታነሡኝ ግን ስሜን ጥሩ። ‹ታደለች፣ ልጆቻችንን እርሳስ ልናጠጣ ነውና ተነሺ› በሉ። በአፋችሁ በሉትና አንሡኝ።»

ማን ይለዋል? ቆሙ።

ቤዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ክዳኑ ለሁለት አይበቃም፤ ግማሽ ወገቧ የሲሚንቶው ቀለበት ላይ ነው። «እማዬ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «እስካሁን የጠጣሁትስ?»

እጇን ያዝኩ።

ጋሽ ቦጋለ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በሕይወቴ ሰው ውሃ ከልክዬ አላውቅም» አለ።

«ዛሬ ከልክል» አልኩት። «ዛሬ የከለከልክ ቀን ነው ያጠጣኸን።»

ሰልፉን ሰንጥቆ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ ከእኔ ጋር አልነበረውም።

ሰዉ ግን አልተበተነም። ሕፃን የታቀፈችው ሴት ነች የጠየቀችው፤ «ታዲያ ምን እንጠጣ?» እዚያው ክዳን ላይ እንደተቀመጥኩ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ጥያቄው የሚሄድበት ቦታ አለው። «ይህንኑ ሰልፍ እንዳለ ወደ ወረዳው እናንሣው» አልኳቸው። «ሰኞ በየተራችሁ፣ ባዶ ጄሪካናችሁን ይዛችሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ቢጫ ጄሪካን ተሰለፈ። እርጉዞች ቅድሚያ። ዘበኛው «ምን ልትቀዱ ነው እዚህ?» አለ። «መልስ» አልነው። አንድ ኃላፊ ወጣ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጨዋ ልጅ። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ጥናቱ እሷ ጋ አለ» ብዬ ትዕግሥትን አሳየሁት። «ማን ነው ያደራጃችሁ?» አለ። «ጥም» አልኩት። ጄሪካኖቹን እዚያው ትተን ወደ ቤታችን ሄድን። ጄሪካኖቹ መግቢያውን አጥብበው ሰነበቱና፣ በመጨረሻ ቦቴ ውሃ ይዞ መጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ ደግሞ ቧንቧ። ያ ቧንቧ በልመና የመጣ እንዳይመስላችሁ።

አሁን እናንተ የምታነቡት፣ ስሙኝ። ጥርት ያለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ሽታ የለውም ብላችሁ አትመኑት፤ ማፍላትም ለዚህ አይሆንም። ወንዝ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ካላችሁ አስመርምሩ። ወንዝ የጠጣ ጎመን ወንዙን ይዞ ነው ሳህናችሁ ላይ የሚወጣው። የተማረ ሰው መጥቶ ሲነግራችሁ ደግሞ ቃሉን ያዙበት፤ አለው ነው፣ አለበት? አታፍሩ። የማይገባ ነገር ሲነገር ማጨብጨብ ነው የሚያሳፍረው።

«እማማ፣ እርጅናሽን አክብሪ፣ ከፋብሪካ ጋር ምን አጣላሽ» የሚሉኝ አሉ። እኔ ከማንም አልተጣላሁም። እኔ ቤት መጥተው ጣሳችን ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸው። ወንዙ ዛሬም ቀለሙን ይለውጣል፤ እኔም ዛሬም ድልድዩ ላይ ቆሜ «ዛሬ ቀዩን ለቀቁት» እያልኩ ለአላፊ አግዳሚው እናገራለሁ። ዝም በይ ብትሉኝ ዝም አልልም። እግሬ እስካለ ወደየበሩ እሄዳለሁ።

የቤዛ ልጅ ተወለደች። ትማራለች፣ ትጫወታለች፣ ጌታ ይመስገን። ፊደል ሲጠፋባት ግን ሁሉም ልጅ ፊደል እንደሚጠፋበት እያወቅኩ ልቤ ይደነግጣል። ያ ውሃ የወሰደባት ነገር ይኑር አይኑር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያፈሰሱት ሰዎች ይህን ፍርሃት አያውቁትም። እኛ ነን የተሸከምነው።

ጋሽ ቦጋለ በዚያው ሳምንት ጎመኑን ነቅሎ የአበባ ችግኝ ተከለ፣ ክዳኑንም ቆለፈበት። ተቀይሞኝ እንደኖረ ነበር የማስበው። ከዓመታት በኋላ፣ ካረፈ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት ልጁ አልማዝ ጥግ ወስዳ ነገረችኝ። ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮት ይዞር ነበር። ለማንም አልከፈተም፤ ለራሱ ግን እየከፈተ ይቀዳ ነበር። ቧንቧው ግቢው ውስጥ እያለ። እንዲተው ስትለምነው «የጎረቤቶቼን ልጆች ያጠጣሁትን፣ እኔ ምን ብዬ እጠየፈዋለሁ» ይላት ነበር። እስከ መጨረሻው ቀኑ ከዚያው ጠጣ።